አንገታቸውን ያልደፉት እቴጌ

ባለፈው ሰሞን በማታ የክርክር ስብሰባችን ላይ የሆነውን ነገር፥ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። አንዲት እኅታችን ለመናገር ተነሣች። ሐሳቧ የበሰለ እንደ ነበረ አስቀድሜ ጽሑፏን ስላየሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ገና ከመቆሟ አንገቷን ደፋች፥ የአንገት ልብሷን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች፥ ዐይኗን ከወለሉ ላይ ሳታነሣ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ካጉረመረመች በኋላ ተቀመጠች። ከእርሷ ቀጥላ የተነሣችው ግን ቀጥ ብላ ቆማ፥ የሰብሳቢውን ዐይን እያየች፥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የልቧን ተናገረች። ስብሰባው ተበትኖ ወደ መኝታችን ስንመለስ ወንዶቹ ስለ መጀመሪያይቱ ያሉት ጨዋ ናት ነው፤ ስለ ሁለተኛይቱ ያሉት ደግሞ ዐይን አውጣ ናት ነው። ስለ ሁለቱ ሐሳብ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ጠረጴዛውን እየደበደበ የተናገረው ወንድ ጓደኛችን ግን ልበ ሙሉ ተባለ። እኔም ከሣቂዎቹ መካከል ስለ ነበርሁ ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና እሑድ ዕለት ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ በእግራችን ወጣን። ሽሮ ሜዳ የነጠላና የሐበሻ ቀሚስ አገር ነው፤ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ነጠላ የሚናገር ልብስ መሆኑን እዚያ ቆሜ አሰብሁ። ለቤተ ክርስቲያን አንድ ዐይነት፥ ለኀዘን ሌላ ዐይነት ይለበሳል፤ አፍ መሸፈኛም ይሆናል፥ ወገብ መታጠቂያም ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ደግሞ የጉለሌ ሴቶች ለብዙ ዘመን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፥ ጐብጠው፥ መሬት መሬቱን እያዩ የወረዱበት መንገድ ነው። በዚያ ሸክም ሥር ያለችን ሴት ቀና በይ ማለት ቀልድ ነው።

ከተራራው ራስ ላይ እንጦጦ ማርያምና የዳግማዊ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚቈጠር ቦታ ነው። የዚያች ቦታ እመቤት የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ባላቸው በዚህ ደብር ዘውድ ጫኑ፤ እርሳቸውም በመጨረሻ ዘመናቸው ከዚሁ ደብር አጠገብ ከሥልጣን ተገልለው ኖሩ። ስለ ዐድዋ ዘመቻቸው ብዙ ተጽፏል፤ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረነዋል። እኔ ግን ዛሬ ለመመልከት የፈለግሁት አቋማቸውን ነው። እንዴት እንደ ቆሙ፥ እንዴት እንደ ተቀመጡ፥ መቼ ፊታቸውን ሸፍነው መቼ እንደ ገለጡ፥ ስለዚህም ሰዎች ምን እንዳሏቸው።

ጣይቱ የተወለዱት ከሰሜን ባላባቶች ወገን ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም፥ ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡበት። ስለዚህ የጣይቱ ልጅነት የወደቀ ትልቅ ቤት ልጅነት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ክብር ከሎሌና ከበቅሎ ብዛት የተለየ ነገር መሆኑን ቶሎ ይማር ይመስለኛል፤ ሎሌውና በቅሎው ሲሄዱ ቀርቶ የሚታየው የሰውዬው አቋም ብቻ ነውና።

በዚያ ዘመን የትልቅ ሰው ሴት ልጅ ሰውነቷ ሁሉ ይማር ነበር ማለት ይቻላል። ድምፅዋ ከእልፍኙ እንዳያልፍ፥ ዐይኗ በእንግዳ ፊት ላይ እንዳይቆም፥ ስትስቅ አፏን እንድትሸፍን፥ በቅሎ ላይ ስትወጣ ፊቷ እንዳይታይ ተሸፋፍና እንድትሄድ ትመከራለች። ይህ ሁሉ መዋረድ ብቻ ነው ያልን እንደ ሆነ ግን እንሳሳታለን። ደርባባ የሚል ቃል አለን፤ ለሴት የሚሰጥ ከፍ ያለ ምስጋና ነው። ደርባባ ሴት አትጣደፍም፥ አትቅበጠበጥም፥ የተናገረችውን አትደጋግምም። መሮጥ የገረድ ነው፤ ቀስ ብሎ መራመድ የእመቤት ነው። እንግዲህ የወይዘሮ አቋም ሁለት ፊት ነበረው። ከበታቿ ላሉት ግርማ ያሳያል፤ ለወንዱ ደግሞ መገዛትን ያሳያል። የጣይቱን ሕይወት ስመለከት የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን የተዉ ይመስለኛል። ነጠላውንም ግርማውንም አልጣሉም፤ ዐይናቸውን ግን ከወንድ ፊት አላወረዱም።

በዚህ ላይ ትምህርት ነበራቸው። ማንበብና መጻፍ ከቤተ ክህነት ውጭ ለወንድ እንኳ ብርቅ በነበረበት ዘመን አማርኛም ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድሩ፥ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ወንድ ዐይን ዐይኑን ማየት ግድ እንደ ሆነ ተጫዋቾቻችን ያውቁታል።

ከምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። ዝርዝሩን እተወዋለሁ፤ በዚያ ዘመን የባላባት ልጅ ጋብቻ የወንዶቹ የፖለቲካ ውል ስለ ነበረ ስለ እርሳቸው ፈቃድ ብዙ አያስረዳንም። በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ የሸዋ ንጉሥ የነበሩትን ምኒልክን አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቍርባን አገቡ። ቍርባን መሆኑን ልብ በሉ። የሰማንያ ጋብቻ ይፈርሳል፤ የቍርባን ጋብቻ ግን የሚፈታው በሞት ነው። አንዲት ሴት ከነገ ወዲያ ትባረራለች ተብላ ከሚታሰብበት ወንበር ላይ ስትቀመጥና ማንም ሊያነሣት ከማይችልበት ወንበር ላይ ስትቀመጥ አቀማመጧ አንድ አይደለም። ልበ ሙሉነት ከልብ ብቻ ይመነጫል የሚሉ ጓደኞቼ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ፈጣን ነው። ምኒልክ ሰፈራቸውን እንጦጦ ራስ ላይ አድርገው ሳለ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ ቦታው ደስ ስላላቸው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፥ ለመንደሩም አዲስ አበባ የሚል ስም ሰጡት። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ብርድና ነፋስ የበዛበት፥ እንጨቱም ያለቀበት ስለ ነበረ መኳንንቱ አንድ በአንድ ተከትለዋቸው ወረዱ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ከአንዲት ሴት ገላ መታጠቢያ ተነሣች ማለት ነው።

በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ለቀናት የቈየ ታላቅ ግብር ያበሉት እርሳቸው ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ወጥ ቤትማ የሴት ቦታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ግብር ማለት ምን እንደ ነበረ እንመልከት። ማን ከንጉሡ አጠገብ ይቀመጣል፥ ማን ከመደቡ ዝቅ ይላል፥ ለማን ጮማ ለማን ቅንጥብጣቢ ይቀርባል፥ ማን ቆሞ ይጠብቃል፥ ማን ገብቶ ማን ከደጅ ይቀራል። መኰንኑ ሁሉ የሚለካው በተቀመጠበት ቦታ ነበር። ያንን ድግስ የምታዛቸው ሴት የአገሩን የማዕረግ ሠንጠረዥ በእጇ ይዛለች። ጣይቱ ለሴት ከተፈቀደው ቦታ ሳይወጡ የወንዶቹን አቀማመጥ ይወስኑ ነበር።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተባሉ። ማኅተማቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል ነበረ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምኒልክ ለሚለምናቸው ሁሉ እሺ እንደሚሉ፥ እምቢታውን ግን ለእቴጌይቱ እንደሚተዉት ሕዝቡ ሲያወራ ኖሯል። እስኪ አስቡት። በየቤታችን የተማርነው ሴት እሺ እንድትል፥ ወንድ እምቢ እንዲል ነው። በዚያ ቤት ግን ተገላብጦ ነበር፤ ንጉሡም ከዚህ የተነሣ ክብራቸው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሕዝቡ እምዬ ብሎ በእናት ስም ጠራቸው። እምቢ የምትለው ሴት ግን ስሟ ሌላ ሆነ። ጨካኝ፥ ተንኰለኛ፥ ባሏን የገዛች ተባለች።

እምቢታቸው የአገር እምቢታ የሆነበት ቀን በ1883 ዓ.ም. መጣ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈርሞ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ግዴታ አደረገው። በዚህም ኢጣልያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ኮንት አንቶኔሊ ሊያስተካክል ተብሎ ተመልሶ መጣ። አንቶኔሊ በሸዋ ብዙ ዓመት የኖረ፥ አማርኛ የሚያውቅ፥ የምኒልክ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። የምኒልክን ትሕትናና ለዘብተኛነት ያውቃል፤ በዚያው ተማምኖ የመጣ ይመስላል። በጉባኤው ላይ ግን እቴጌይቱን አገኘ።

አንቶኔሊ አገሩ ውሉን ለመንግሥታት ሁሉ አስታውቃ ስለ ጨረሰች ከቃሏ መመለስ ክብሯን እንደሚነካ ገለጠ። ጣይቱም የውሉ ቃል እንደዚያ አለመሆኑን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትም ለመንግሥታቱ እንዳስታወቁ፥ ክብር ያላት ኢጣልያ ብቻ እንዳልሆነች፥ ኢትዮጵያን በሌላ ጥበቃ ሥር ያለች አስመስሎ ማሳየት ከቶ እንደማይሆን መለሱለት። ቀጥለውም የተናገሩት ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሴት መሆናቸውን፥ ጦርነትም እንደማይወዱ ተናገሩ፤ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነትን እንደሚመርጡ አስታወቁ። እንግዲህ ተመልከቱ። ሴትነታቸውን አልካዱም፥ እንደ ወንድ ነኝ አላሉም፥ ጢም ያለው ሰው ድምፅ አላወጡም። አገሩ ሁሉ ስለ ሴት የሚያስበውን፥ ሴት ጦር አትወድም የሚለውን፥ ራሳቸው አነሡትና ከላዩ ላይ ቆመው ተናገሩበት። ጦርነት የማትወድ ሴት እንኳ ጦርነትን ከመረጠች እዚያ ያሉት ወንዶች ምን ሊሉ ይችላሉ? አንቶኔሊ ተቈጥቶ አገሩን ለቅቆ ሄደ። ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ።

በዚያው ዘመን በቻይና እቴጌ ሲሺ ከመጋረጃ በስተ ኋላ ተቀምጠው ያን የሚያህል አገር ይገዙ ነበር፤ ሚኒስትሮቹ በፊታቸው ተደፍተው የሚሰሙት ድምፃቸውን ብቻ ነበር። በኛም ቤተ መንግሥት መጋረጃ ነበረ፤ ነገሥታቱ ምግብ ሲቀርብላቸው ይጋረድላቸዋል። ጣይቱ ግን ፊት ለፊት ከመነጋገር የጋረዳቸው መጋረጃ አልነበረም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርፀው ለምኒልክና ለጣይቱ ላኩ፤ ከተሰማ በኋላም እንዲጠፋ አዘው ስለ ነበር ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን ቀርፀው ላኩ። ከእልፍኝ እንዳያልፍ የተባለ የሴት ድምፅ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

ወደ ዘመቻው እንመለስ። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦሩ ከአዲስ አበባ ተነሣ። እቴጌይቱ የራሳቸው ጦርና የራሳቸው መድፈኞች ነበሯቸው። አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ ጦሩ መቀሌ ደረሰ፤ እንዳ ኢየሱስ ላይ ማዦር ጋልያኖ በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ጠበቀው። በጕብዝና ምሽጉን ለመስበር የሞከረ ሁሉ እየወደቀ ቀረ። በዚህ ጊዜ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ከግንቡ ውጭ መሆኑ ተመረመረና ምንጩ እንዲያዝ ምክር የሰጡት፥ የራሳቸውንም ወታደሮች ልከው ያስጠበቁት ጣይቱ ናቸው። ምሽጉ በውኃ ጥም ተጨንቆ በጥር ወር እጁን ሰጠ። እቴጌይቱ በሕይወታቸው እንስራ አዝለው ምንጭ የወረዱ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የቤት ሥራ የሚባለውን ሁሉ አዝዞ የሚያሠራ ሰው የአንድ ሰፈር ጕሮሮ የት እንደ ሆነ ከጦር አዛዥ ቀድሞ ያውቃል። ወንዶቹ ግንቡን ሲያዩ እርሳቸው እንስራውን አዩ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ የዐድዋ ጦርነት ተጀመረ። ከላይ እንዳልሁት ወይዘሮ ከቤት ስትወጣ በበቅሎ፥ ፊቷም ተሸፍኖ ነው። በዚያ ቀን እቴጌ ጣይቱ በእግራቸው፥ ጥቁር ጃንጥላ ተይዞላቸው፥ ዐይነ ርግባቸውን ገልጠው ወደ ውጊያው እንደ ሄዱ የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ጽፈዋል። ከኋላ ያለው ጦር ሲያመነታ ባዩ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አይዞህ እያሉ፥ ድሉ የእኛ ነው እያሉ አደፋፈሩት። ወታደሩም እቴጌይቱን እያየ ወደ ኋላ ማለት አልቻለም። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ፈሪን ሴት ብሎ መስደብ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ሴቲቱ ፊቷን ገልጣ ከፊት ስትሄድ ግን ስድቡ ማረፊያ አጣ። አስቀድመው በሺ የሚቈጠሩ ሴቶች ውኃ በእንስራና በቅል ይዘው እንዲጠብቁ አድርገው ነበርና ተዋጊውም ቍስለኛውም ውኃ አላጣም።

ዐይነ ርግቡን የገለጡበት ሰዓት ይህ ብቻ ነበር አልልም። ነገር ግን ከዘመኑ ጸሐፊ ልብ የገባውና ለኛ የተረፈው ይህ ነው። ለአንባቢዎቼ ትንሽ ነገር ይመስላቸው ይሆናል፤ ጨርቅ ነው። ግን የክርክሩን ማታ አስቡ። አንዲት ሴት በሰው ፊት ጨርቁን ወደ አፏ መሳቧና ከፊቷ ማንሣቷ ከምትናገረው ቃል በፊት የሚሰማ ነገር ነው።

ከድሉ በኋላ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። የሚቀጥሉት 10 ዓመታት የእቴጌይቱ ሥልጣን የበረታባቸው ናቸው። ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ የሚበላበት ቤት ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር። በፎቶግራፎቻቸው ላይ ካባ ደርበው፥ ወንበራቸውን ሞልተው ተቀምጠው እናያቸዋለን። ዐይናቸውን ያልሰበሩ፥ ለማስደሰትም ፈገግ ያላሉ ሴት ናቸው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ታመሙ፤ ሕመሙም እየጠናባቸው ሄዶ አካላቸውን ያዘው፥ አንደበታቸውንም ዘጋው። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት ጣይቱ ናቸው። ይሾማሉ፥ ይሽራሉ፥ ይድራሉ፥ ያፋታሉ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ሹመቱን ለዘመዶቻቸው፥ ለሰሜንና ለየጁ ወገን አበዙት፤ የሸዋን መኳንንት ገፉ። ይህ ስሕተት ነበር፤ ለስሕተቱም ዋጋ ከፍለውበታል። ነገር ግን ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ዘመዱን ያልሾመ የአገራችን ገዥ ስንት ነው? ወንዱ ይህን ሲያደርግ ወገን አጠና ይባላል። እርሳቸው ሲያደርጉት ሴት ነገሠች፥ አገር ጠፋ ተባለ። ዐድዋ ላይ ልብ ያሰኘው ድምፅ፥ አንቶኔሊን ያስደነገጠው ቀጥ ያለ ዐይን፥ አሁን በሸዋ መኳንንት ፊት ሲመጣ ትዕቢት ሆነ። አቋማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፊት ለፊት የቆመው ወንድ ነው።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው አንድ ሆነው እቴጌይቱ በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ፥ ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ፈረዱ። ሥልጣኑ ለልጅ ኢያሱ እንደራሴ ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሆነ። የፍርዱን ቃል ተመልከቱት። ወኅኒ አላሏቸውም፥ አምባ አላወጧቸውም። ያሏቸው ወደ ሴት ሥራ ተመለሺ ነው። እርሳቸውም 3 ዓመት ከመንፈቅ በላይ መናገር ከማይችሉት ባላቸው አልጋ አጠገብ ቈዩ። ያስታመሙትም ስለታዘዙ ብቻ ነው ብዬ አላስብም። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ። ከጕባው ላይ፥ የጭቃ ግድግዳው በኖራ ከነጣው አሮጌ ቤተ መንግሥት አጠገብ፥ ብርዱ ዛሬም ያው ነው። ከዚያ ቆሞ ቍልቍል ላየ ሰው ስም ያወጡላት ከተማ ተዘርግታ ትታያለች። ሲቀድሱ ይሰማሉ፥ ይጸልያሉ፥ የከተማውንም ወሬ ይሰማሉ። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩና መኳንንቱ የእንጀራ ልጃቸውን ዘውዲቱ ምኒልክን ንግሥተ ነገሥታት አደረጉ። ሴት ነገሠች ብለው ጣይቱን ያወረዱ ሰዎች በ6 ዓመታቸው ሴት ማንገሣቸው ያስገርማል። ነገር ግን ዘውዲቱ ጸሎተኛና ዝምተኛ ነበሩ፤ ሥራውም በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ እጅ ሆነ። ደግሞም ከባላቸው ከራስ ጕግሣ ወሌ እንዲለያዩ ተደረገ። ራስ ጕግሣ የጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ። እንጦጦ ላይ ያለ ወታደር የተቀመጡትን አሮጊት ገና ይፈሯቸው ነበር።

እዚያ በወጣንበት እሑድ አንደኛው ጓደኛዬ፥ እንዲያው ትንሽ አንገታቸውን ደፋ ቢያደርጉ ኖሮ እስከ መጨረሻው በሥልጣን ይቈዩ ነበር አለ። ሊሆን ይችላል። ዘውዲቱ ደፋ አድርገው ቈይተዋል። ግን ያ አንገት ደፍቶ ቢሆን ኖሮ አንቶኔሊ ፊትም ይደፋ ነበር። ለውጭ ጠላት ሲሆን ቀና፥ ለቤት ወንድ ሲሆን ደፋ የሚል አንገት ከየት ይመጣል? ጓደኛዬ መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ራሴ ያን ማታ ከሣቁት አንዱ ስለ ነበርሁ ነገሩን አላጠበቅሁበትም።

በኅዳር ወር 1910 ዓ.ም. ጣይቱ ወደ ጐንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን እዚያ እንዲፈጽሙ ንግሥት ዘውዲቱን ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበርና ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። ዐፅማቸው ዛሬ በታዕካ ነገሥት በኣታ ለማርያም ገዳም ከዳግማዊ ምኒልክ አጠገብ ይገኛል።